የሊንዳል ቤት

ሆልምዳል ቀበሌን ካርታ ላይ ያየ ሰው በማስመሪያ የተሰመረ የተማሪ ደብተር ይመስለዋል። ስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ በየማይሉ አንድ ቀጥ ያለ የጠጠር መንገድ አለው። ያሰመረው ሰው አገሩን በዓይኑ አላየውም ቢባል አያስገርምም። መንገዱ ኩሬ ሲያገኝ ኩሬው ውስጥ ይገባል፣ ኮረብታ ሲያገኝ ኮረብታውን ይወጣል እንጂ ዞር ማለት የሚባል ነገር አያውቅም። ኮረብታ የተባለውም ቢሆን ሌላ አገር ቢሆን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ጉብታ ነው። እዚህ ሰሜን ዳኮታ ግን ከደጃፉ የቆመ ሰው የሌላ ቀበሌ አቧራ ሲነሳ ስለሚያይ፣ ትንሿም ከፍታ ክብር አላት።

ኦርቪን ትቬት የተወለደው በዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ መኖር ይቻላል ብሎም አስቦ አያውቅም። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር፣ ጆሮው በብርድ የተላጠ ሰው ነበር። አላገባም። ለምን እንዳላገባ ሲጠይቁት «ማንም አላስቸገረኝም» ይላል፣ በዚያው ያልቃል። ሥራው ግሬደር መንዳት ነው። በበጋ ጠጠሩን ያስተካክላል፣ በክረምት በረዶውን ይጠርጋል። በዚያ ላይ ቀበሌውን ከሚያስተዳድሩት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ የእህቱ ባል ዌስና ጎረቤቱ ዱዌይን ናቸው። ሦስት ሹም ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ ሕጉ ሦስት ይላል። ሦስት ያልሞላ ቀበሌ ይፈርሳል፣ መሬቱም ወደ ወረዳው ይጠቃለላል፣ ስሙም ከካርታው ይፋቃል።

ኦርቪን ልጅ በነበረበት ጊዜ ሹም ለመሆን ሰው ይጣላ ነበር። ትምህርት ቤት ነበር፣ የእህል መጋዘን ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንስ የሚደረግበት አዳራሽም ነበር። ከዚያ ማሽኑ ትልቅ ሆነ፣ እርሻው ትልቅ ሆነ፣ ሰው አነሰ። ልጆቹ ከተማ ብለው ፋርጎ ሄዱ፣ ሚኒያፖሊስ ሄዱ፣ ሽማግሌዎቹ ሙቀት ፍለጋ አሪዞና ሄዱ። መሬቱን ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች በሁለት ቀን አርሰው፣ በሁለት ቀን አጭደው ይሄዳሉ። ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች በሁለት እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ጣትም ይተርፋል።

ሰው ይሂድ እንጂ ስሙ አይሄድም። እዚህ ቤት የሚጠራው በሠራው ሰው ስም ነው። ከእሱ በኋላ ሦስት ባለቤት ቢፈራረቅበት፣ ጣሪያው ቢቀየር፣ ግድግዳው ፈርሶ እንደ አዲስ ቢሠራ ለውጥ የለውም። አዲስ የገባ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ እንግዳ ይቆጠራል። ቅር የሚለውም የለም፤ እሱም ራሱ እንዲያ ነው የሚጠራው።

የኦርቪን እህት ማሪት ያገባችው ዌስ ሊንዳልን ነው። የሊንዳል ቤት የሚባለው በቀበሌው ደቡብ ዝቅ ባለው ስፍራ፣ የዌስ አያት ኩሬ ዳር የሠሩት ነጭ ቤት ነበር። ማሪት ሙሽራ ሆና የገባችው እዚያ ነው። ግን የዚህ አገር ውሃ መውጫ የለውም፤ ዝናብና በረዶ በበዛባቸው ዓመታት ኩሬው እያበጠ መጣ። መጀመሪያ ግጦሹን ወሰደ፣ ቀጥሎ የላሞቹን ጋጥ ወሰደ፣ በመጨረሻ ምድር ቤቱ ውስጥ ገብቶ ማሪት ለክረምት ያሸገቻቸውን የኮክ ጠርሙሶች አንሳፈፋቸው። ያን ጊዜ ዌስ «በቃ» አለና ከሰሜን በኩል ኮረብታው ላይ ያለውን የብሬኪን ቤት ገዛ። ብሬኪዎች ከሄዱ ቆይተው ነበር። ማሪት ቤቱን አስቀባችው፣ ሊላክ የሚባል አበባ ተከለችበት፣ ትልቅ መስኮት አስወጣችለት። ልጇ እዚያ አድጎ እዚያ ተዳረ። ሆኖም የብሬኪ ቤት እንደሆነ ቀረ። ማሪት ራሷ ስልክ ስታነሳ፣ የት ነሽ ሲሏት «ብሬኪ ቤት» ትላለች። ኩሬው ዳር ያለው ባዶ ቤት ደግሞ፣ ጣሪያው እየወደቀም፣ የሊንዳል ቤት ነው።

ማሪት ለኦርቪን እህት ብቻ አልነበረችም። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ጫማውን ማሰር ሳይችል ነው፤ አባታቸው ከላሞች ጋር እንጂ ከልጆች ጋር የማያወራ ሰው ነበር። ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት። ስድሳ አልፎትም «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እሷ ቤት ይበላል፤ ድንችና የተፈጨ ሥጋ አንድ ላይ የተጋገረበት ትሪ ታቀርባለች፣ በገና ሰሞን በቅቤና በስኳር የሚጠቀለል የድንች ቂጣ ትጨምርበታለች። ከዚያች እሁድ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም።

ልቧ መታመሙ የታወቀው በመኸር ወቅት ነው። ከተማ ያለው ሐኪም ከሆስፒታል አጠገብ ብትኖሪ ይሻላል አላት። ዌስ ነገሩን ወዲያው ተቀበለ፤ ከተማ ውስጥ ሙቀት ያለው፣ ደረጃ የሌለው ቤትም አይቶ መጣ። የቀረው ለኦርቪን መንገር ነበር። እሁድ ምሳ ላይ ነገሩት።

«ሐኪሙ እዚህ መጥቶ ያውቃል?» አለ ኦርቪን፣ ሹካውን አስቀምጦ።

«ሐኪሙ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» አለ ዌስ።

«ታዲያ እዚህ መኖር አይቻልም ብሎ እንዴት ፈረደ?»

«ስለ አንተ ቀበሌ አይደለም የፈረደው፣ ስለ ልቧ ነው።»

ኦርቪን ቡናውን ጠጣ። እንደ ሻይ የቀጠነ ቡና ነው፤ እዚህ ሁሉም የሚጠጣው እሱን ነው። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ የሚጸጸትበትን ነገር ተናገረ።

«ዌስ፣ አንተ ከሄድክ ሹማምንቱ እኔና ዱዌይን ብቻ ሆንን። ሦስተኛ ከየት አመጣለሁ? ቀበሌው ፈረሰ ማለት እኮ ነው።»

«ይፍረሳ» አለ ዌስ። ወዲያው ደግሞ አፈረና ሳህኑን አየ።

ማሪት ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። «አንተ ልጅ፣ የምትፈልገው እኔን ነው የባሌን ወንበር?»

«ሁለቱንም» አለ ኦርቪን።

ሳቀች። «እሰይ፣ ቢያንስ አይዋሽም! እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

«መንገድሽ አይዘጋም» አላት። «ግሬደሩ እጄ ላይ እስካለ ድረስ ያንቺ መንገድ አይዘጋም። አምቡላንሱን ዱዌይን ነው የሚነዳው። እኔ ከፊት እጠርጋለሁ፣ እሱ ከኋላ ይከተለኛል። ከተማ ካለ ሰው ቀድመሽ ሆስፒታል ትደርሻለሽ።»

እዚህ ሰው ሲቃወም ድምፁን አያሰማም፤ ተነስቶ ሳህን ያጥባል። ዌስም ተነስቶ ሳህን አጠበ። ማሪት በመስኮቱ ወደ ሜዳው ስትመለከት ቆየችና «እስኪ ይህን ክረምት እንየው» አለች። ኦርቪን ወደ ቤቱ የተመለሰው ደስ ብሎት ነው።

በጥር አውሎ ነፋሱ መጣ። ሁለት ቀን ሰማይና ምድር አልተለያዩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነፋሱ በአንድ ጊዜ ዝም አለ፣ ሰማዩም ጥርት አለ። ፀሐይዋ በግራና በቀኟ ሁለት ሐሰተኛ ፀሐዮች አስከትላ ወጣች፤ ይህ የሚታየው ብርዱ የጨከነ ዕለት ነው። ኦርቪን ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ ባለው መጋዘን የግሬደሩን ሞተር እያሞቀ ሳለ ሬዲዮው ተናገረ። ከወረዳው ከተማ የምትናገረው ኬይሊ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሥራ ከጀመረች ብዙም አልቆየች።

«ኦርቪን፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

«መንገድ የሚከፍቱለት ሰው አለ። አምቡላንስ ከኋላዎ ይመጣል፣ ዱዌይን ተነስቷል። ደዋዩ ሚስቴን ትንሽ አልተመቻትም ነው ያለው፣ ግን ሲያወራ ድምፁ ደስ አላለኝም። ደረቷን ነው ያመማት።»

«ማን ነው ደዋዩ?»

«ሊንዳል ይባላል። የት እንደሆነ ስጠይቀው ኦርቪን ያውቀዋል ብሎ ዘጋው።»

«የሊንዳል ቤት» አለ ኦርቪን።

«አዎ፣ የሊንዳል ቤት።»

«አውቀዋለሁ።»

ዱዌይን የአምቡላንሱን መብራት አብርቶ ሲደርስ፣ ኦርቪን እጁን እንኳ ሳያነሳለት ወጣ። በዚህ አገር መሪ የያዘ ሰው ለሚያልፈው ሁሉ ሁለት ጣቱን ያነሳል፤ ያን አለማድረጉ ብቻውን ነገሩን ለዱዌይን ነገረው። የግሬደሩ ስለት በረዶውን እየቀደደ ወደ ጎን ይደፋው ጀመር። ኦርቪን ስለ ቤት አላሰበም። የሚያስበው ስለ ማሪት ነበር፤ ደረቷን፣ እጇን፣ የገባላትን ቃል ነበር የሚያስበው። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ መሪውን ወደ ደቡብ አዞረ። ወደ ሰሜን ቢያዞር ኮረብታው ነበር። የሊንዳል ቤት ተብሏል፤ የሊንዳል ቤት ከልጅነቱ ጀምሮ በደቡብ ነው። እህቱ የት እንደምትኖር የረሳ ሰው ሆኖ አይደለም። ባለፈው እሁድ እሷ ዘንድ በልቶ ነበር። ግን አፍና እጅ የለመዱት ስም አለ፤ ሰውዬው በሐሳብ ሲጠፋ የሚነዳው ያ ስም ነው።

ዱዌይንም ተከተለው። እሱም እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ ጥሩምባ አልነፋም፣ በሬዲዮም «ወዴት ነው?» አላለም። ከውጭ የመጣ ሰው ከሁለቱ አንዱን መኪና ቢነዳ ኖሮ ይጠይቅ ነበር።

በዝቅተኛው ስፍራ በረዶው የባሰ ነው። ኦርቪን እየገፋ፣ ወደ ኋላ እያለ፣ እንደገና እየገፋ ታገለው። አንዱን ትልቅ ክምር ሰብሮ ሲያልፍ «በርቺልኝ ማሪት፣ ደረስኩ» ብሎ ብቻውን ጮኸ። ከዚያ ቤቱን አየ። መጀመሪያ ያሰበው ጭስ የለም፣ ምድጃቸው ጠፍቶባቸው ይሆናል የሚል ነበር። እስከ በሩ ድረስ በረዶ የሆነውን ውሃ አየ። መስታወት የሌለውን መስኮት አየ። የተደረመሰውን ጣሪያ አየ። ግሬደሩን አቁሞ እጆቹን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«ኦርቪን» አለ ዱዌይን በሬዲዮ፣ በጣም ቀስ ብሎ። «እዚህ እኮ ማንም የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ብሬኪ ቤት ናቸው እኮ።»

«አውቃለሁ አልኩህ!»

የጠረገው መንገድ በአንድ ግሬደር ስፋት ነው፤ ከኋላው ደግሞ አምቡላንሱ ቆሟል። ዱዌይን ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ። ኦርቪን ወርዶ በሰንሰለት አስሮ ሊጎትተው ቢሞክር ጣቶቹ ሰንሰለቱን መቆለፍ አቃታቸው፤ ዱዌይን ቆለፈለት። ሁለቱም አልተያዩም። አውጥተው፣ ተመልሰው፣ መስቀለኛውን አልፈው ኮረብታውን ወጡ። የኮረብታው መንገድ ነፋስ ስለጠረገው እዚህ ግባ የሚባል በረዶ አልነበረበትም።

ማሪት ትልቁ መስኮት ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ብርድ ልብስ ተደርቦላታል። ዌስ በካልሲው አጠገቧ ቆሟል። ዱዌይን ተንበርክኮ የሚደረገውን ሁሉ አደረገ፤ ሆኖም የሚደረገው ነገር እንዳለፈ ሦስቱም ያውቁ ነበር። ኦርቪን ከበሩ አላለፈም። ጫማው በረዶ ስለነበረበት ምንጣፏን እንዳያበላሽ ፈራ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያች ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልከሰሰውም። ሁሉም ያውቃል። እዚህ እያንዳንዱ ማድ ቤት ውስጥ የወረዳውን የአደጋ ሬዲዮ የምታሰማ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍ ትውላለች፣ ለቀበሌው የቀረው ጨዋታ እሷ ናት። የዚያን ጠዋትም ያላዳመጠ የለም። «ብሬኪ ቤት ናቸው እኮ» የምትለዋን ሁሉም በጆሮው ሰምቷል። ግን ሐዘን ሊደርሱ ሲመጡ ትሪ ይዘው መጡ፣ ተቀመጡ፣ ስለ በረዶው አወሩ።

«እንዲህ ያለ በረዶ አይቼ አላውቅም» ይላል አንዱ።

«ዱዌይንም እዚያው ደርቆ ሊቀር ይችል ነበር» ይላል ሌላው።

ኦርቪን አንገቱን ይነቀንቃል። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ብድግ ብሎ «አንተ ደንቆሮ፣ እህትህን ገደልካት!» ቢለው እግሩ ላይ ወድቆ ያመሰግነው ነበር። ማን ይበለው? እዚህ ሰው ሰውን አያሳፍርም። ጨዋነት ይሉታል፤ በዚያ ክረምት ግን ለኦርቪን ከዱላ የከፋ ነገር ነበር። የሚሰድበኝ ዌስ ነው፣ መብቱም ነው፣ ብሎ ጠበቀ። ዌስ ግን ሲያገኘው ሁለት ጣቱን ከመሪው ላይ አንስቶ ያልፋል።

መሬቱ እንደ ብረት ስለነበረ መቅበርም አልተቻለም። እዚህ በክረምት የሞተ ሰው አፈሩ እስኪፈታ ይጠብቃል፤ ማሪትም በከተማው ቀባሪ ቤት ጠበቀች። በመጋቢት የቀበሌው ዓመታዊ ስብሰባ ተደረገ። ኦርቪንና ዱዌይን መጡ፣ ዌስ ግን አልመጣም። ሁለቱ ሰዎች ወንበሮቹን ደርድረው፣ ትንሽ ተቀምጠው፣ መልሰው ወንበሮቹን አጣጠፉ። ቀበሌው ይኑር ይፍረስ የሚል ጥያቄ እንኳ አላነሱም፤ ኦርቪን ከዚህ በኋላ ስለ ወንበር ማውራት ምላሱ እሺ አይለውም ነበር።

የቀበሯት በግንቦት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ቄሱ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ስለሚያገለግል ቸኩሎ ሄደ፤ የመጡትም ጥቂቶች ከእጅ መጨባበጥ በኋላ ተበተኑ። የዌስን ከባድ ዕቃ ልጁ ቀድሞ ወስዶለት ነበር፤ የቀረው ጭነት ፒክአፑ ላይ በሸራ ታስሯል። ከዚያው ወደ ፋርጎ ሊሄድ ነው። መቃብሩ ዘንድ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ከዚያ ቆመው በሰሜን ኮረብታው፣ በደቡብ ኩሬው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ስድበኝ» አለ ኦርቪን።

«ምን?»

«ስድበኝ ዌስ። ክረምቱን ሙሉ ስጠብቅህ ከረምኩ። ሳትሰድበኝ እንዳትሄድ። ከተማ እንሂድ ስትል አስቀረሁህ፤ መንገዷን እከፍታለሁ ብዬ ምዬ ወደ ባዶ ቤት ጠርጌ መጣሁ። የፈለግከውን በለኝ። ምታኝ።»

ዌስ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገው። «አይተንህ ነበር እኮ» አለ።

«ምን አያችሁ?»

«ከመስኮቱ። ሰማዩ ጠርቶ አልነበር? ወንበሬን አዙርልኝ ብላኝ አዞርኩላት፣ ስትመጣ ልታይህ። ቢጫው መብራትህ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ አየነው። ‹ያው መጣልኝ› አለች። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጠፍክ።»

ኦርቪን ወደ ኮረብታው ዞሮ መስኮቱን ፈለገ።

«ወዲያው ገባን። ሳቀች፣ ታውቃለህ? እያመማት ሳቀች። ‹አየኸው ይሄን ልጅ፣ ወደ ሊንዳል ቤት ሄደ› አለች። እኔ ስልኩን አነሳሁ፣ ለልጅቷ ልነግራት፣ እሷ በሬዲዮ እንድትመልስህ። ማሪት እጄን ያዘችኝ።»

«ለምን?»

«‹አስቀምጠው› አለችኝ። ‹ሁሉም ሰው እያዳመጠ ነው። የእህቱን ቤት አጣው ብለው ዕድሜ ልኩን ይስቁበታል። አታሳፍረው። አሁን ራሱ ይገባዋል፣ ይመለሳል፤ እኔ እጠብቀዋለሁ› አለች።»

«አንተስ?» አለ ኦርቪን።

«አስቀመጥኩት።» አለ ዌስ። «መብራትህ እየራቀ ሲሄድ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። ስልኩ እዚያው እጄ ሥር ነበር። አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል እያልኩ። አንተ እንዳታፍር ብለን። እንግዲህ አንተ ስድበኝ ትለኛለህ፤ እኔንስ ማን ይስደበኝ?»

ዌስ የኦርቪንን ትከሻ አንድ ጊዜ ጨብጦ ለቀቀው፣ ፒክአፑ ውስጥ ገባ፣ የጠጠሩንም መንገድ ይዞ ሄደ። አቧራው እስኪሰክን ብዙ ቆየ። ኦርቪን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን እየጮኸ አለቀሰ፣ ግን በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ የሚያየው ሰው አልነበረም።